የመስቀል ፊልትሮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ብርሃኑ ወደ ፊልቱ ከተማ ሲያልፍ እኔ ዘንድ ነገሌ አደረ። ማታ ራቱን በቅጡ ሳይበላ ተነሳ፤ ስልኩን ያያል፣ በግንባሩ ይደፋዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ስለ ቤቱ ስጠይቀው «ሁሉም ደህና ነው እማዬ» ብሎ በአንድ ቃል ጠቀለለልኝ። ጠዋት ስነሳ የፒክ አፑ ኮፈን ተከፍቷል፤ እሱ ወገቡ ድረስ ገብቶበት ከኋላው ብቻ ነው የሚታየው። «ምን ሆነች?» ስለው፣ «ምንም አልሆነችም፤ ፊልትሮ ልቀይርላት ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። አምስት ደቂቃ የሚለውን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ አባቱም እንዲሁ ነበር ያለው። አሮጌውን ፊልትሮ አውጥቶ ውስጡ የቀረውን ናፍጣ አጥሩ ሥር ሲደፋው ሽታው ግቢውን ዞሮ በረንዳ ላይ አገኘኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ለሐኪሙ ዘወትር የማማርርበት ጉልበቴ የት እንደሄደ እንጃ፣ ከበረንዳው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ በረንዳው ስመላለስ ራሴን አገኘሁት። በዚያው ግቢ፣ በዚያው መንገድ፣ ይህንኑ ብርሃኑን ጀርባዬ ላይ አዝዬ የተመላለስኩበት ጠዋት ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ነዳጅ በኩፖን የሚቀዳበት፣ ስኳር በቀበሌ ካርድ የሚታደልበት፣ የወጣቱ ሱሪ ከጉልበቱ በታች ተዘርግቶ የነገሌን አፈር የሚጠርግበት ዘመን ነው። ከፊልቱ በኩል በግመል ተጭኖ የሚገባው ስስ የሽፎን ጨርቅ በየጓዳው ተሸሽጎ ይሸጥ ነበር፤ ቀን ላይ አላየንም ብለን የማልነው ሴቶች እሁድ ለብሰነው እንታያለን። የግመል ወተት አንድ ጣሳ ስሙኒ ነበር፤ የሻጯ ጣሳ ግን ከታች ወደ ውስጥ የጎበጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ማወቃችንን ታውቃለች። ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ማርሽ ይለቀቃል፤ ከሰዓት በኋላ የጸሐፊው ልብ ሲለሰልስ ደግሞ በመሀል የፍቅር ዘፈን ይሰነቅርበታል፣ ያን ጊዜ ገበያው ሁሉ እርምጃው ዝግ ይላል። አሁን ሁሉም ሰው ዘፈኑን በየጆሮው ሰክቶ ነው የሚሄደው፤ ማን በምን እንደሚያዝን አይታወቅም። ሱቃችን በመስጊዱና በእህል ወፍጮው መካከል ባለው ማዕዘን ላይ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ የስልክ ሱቅ ነው። ሳልፍ አላየውም፤ ያየሁት ቀን ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።

ባለቤቴ ዘርጋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጉራጌ ልጅ ነበር። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ነው እዚሁ ነገሌ የተወለድኩት። አባቴ «ለነጋዴ ልጄን?» ብሎ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። የዘርጋ እናት ደግሞ በአገራቸው ሆነው «ከየት የመጣች ናት?» ብለዋል ተብሎ ጆሮዬ ገብቷል። ስለዚህ እኩል ለእኩል ነበርን። ዘርጋ ሰው አክባሪ ነው፣ ለጋስ ነው፣ ግን ችኩል ነው። ቁጭ ብሎ በልቶ አያውቅም ብል አልዋሸሁም። ናፍጣ የምትጠጣው አሮጌ ፒክ አፑም ለዚህ ጠባዩ ተመቻችታ የተሠራች ነበረች፤ ባትሪዋ ደካማ ስለሆነ አንዴ ካስነሳት እስኪመሽ አያጠፋትም። ዕቃ የሚያራግፈው ሞተሯ እየጮኸ ነው። ሰላም የሚለውም በመስኮት ነው፣ እሱንም ጎማዋ መንከባለል ከጀመረ በኋላ።

ይህ ነገር ከጎረቤታችን ከአባ ጅሎ ጋር አልገጠመም። አባ ጅሎ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከብቶቻቸውን ለወንዶች ልጆቻቸው ትተው ከተማ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠው ነበር። የእኛም ሰው ሰላምታ ያበዛል ይባላል፤ ከአባ ጅሎ ጎን ሲቆም ግን የእኛ ጥድፊያ ነው። «ናጋ?» ይሉሃል፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ናጋ ትላለህ። ቤቱ ናጋ? ልጁ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? መንገዱ ናጋ? ለእያንዳንዱ ለብቻው ናጋ ብለህ ትመልሳለህ። ቤትህ ተቃጥሎም ቢሆን መጀመሪያ ናጋ ነው የምትለው፤ ክፉው ወሬ ሰላምታው አልቆ ቁጭ ከተባለ በኋላ ነው የሚወጣው። እኔ ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ዘርጋ ግን «ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ» እያለ ጥያቄዎቹን ሳይሰማ በመስኮት እየወረወረ ያልፋል፤ አባ ጅሎም የቀረውን ለአቧራው ይጠይቃሉ።

ያን ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ የአገሩ ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ከእናቱ መልእክት አመጣ። መንገዱ ክፉ ስለነበረ ዘርጋ ያለፉትን መስቀሎች አገሩ አልገባም። ጉራጌ ሆኖ መስቀልን በሰው አገር ማሳለፍ ምን እንደሆነ የእነሱ ሰው ያልሆነ አያውቀውም፤ እኔም ያወቅኩት በዚያን ቀን ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ ሳየው ነው። እናቱ የላኩት ቃል ይህ ነበር፤ «ዓይኔ እየደከመ ነው። በዚህ መስቀል ልጅህን ካላሳየኸኝ፣ ለሚቀጥለው አልጠብቅህም።» ብርሃኑ ያኔ ገና ድክ ድክ አላለም። እኔም እኚህን ሴት ፈርቻቸዋለሁ፣ ማየትም እፈልጋለሁ። ያለ እሳቸው ምርቃት ትዳሬ እንደ ውሰት ዕቃ ሆኖብኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዝግጅቱ ነሐሴን ሙሉ ያዘን። የጉራጌ ሰው ለመስቀል ያረጀ ነገር ይዞ እናቱ ደጅ አይደርስም። ለእናቱ ጋቢ፣ ለእኔ የቴትሮን ቀሚስ፣ ለሕፃኑ ከእግሩ የሚተልቅ ጫማ ተገዛ። እና ፊልትሮ፣ የናፍጣ ማጣሪያው። ያኔ ናፍጣው ከዛገ በርሜል ነው የሚቀዳው፤ ውሃውም አፈሩም አብሮ ነው። ዘርጋ በአሮጌ ነጠላዬ እያጠለለ ይሞላታል፣ ፊልትሮው ሲደፈንባት ያንኑ አጥቦ መልሶ ይከትላታል። አዲስ ፊልትሮ እንደ አዲስ ሙሽራ የሚወራለት ነገር ነበር። በስንት ልመና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ አመጣለት፤ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከሻይ ቅጠሉ ካርቶን ኋላ አስቀመጠው። «አሁን ለምን አትገጥመውም?» አልኩት። «ለመስቀል ነው» አለኝ። «መኪና መስቀል ታውቃለች?» ብዬ ስስቅ አልሳቀም። «እሷም አዲስ ለብሳ ነው የምትገባው» አለ። የበዓል ልብስ ደግሞ ከመንገዱ ቀን በፊት አይለበስም፤ ስለዚህ ፊልትሮው ካርቶን ኋላ ሆኖ የመሄጃችንን ጠዋት ጠበቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ደህና የምትሄድ መኪና በጉዞ ጠዋት ይፈታል?

ወደ ዘርጋ አገር የሚያደርሰው የክብረ መንግሥት መንገድ ለብቻ አይኬድም ነበር። ሽፍታ አለ፣ ሌላም አለ፣ ስሙን ጮክ ብለን አንጠራውም። መኪናዎች ከከተማው ጫፍ ኬላው ጋ ይሰበሰቡና በወታደር ታጅበው አንድ ላይ ይወጣሉ። አጀቡ አንዴ ካመለጠ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሳምንትም ይሆናል፣ ወርም ይሆናል። የዚያን ጠዋት አጀብ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል ተብሏል። ከእሱ በኋላ መስቀልን የሚያደርስ የለም። ዘርጋ በማለዳ ኮፈኑን ከፈተ። «አምስት ደቂቃ ነው።»

ፊልትሮው ከሞተሯ ጎን፣ ከአንድ የብረት ራስ ሥር በቡሎን ተይዞ ነው የሚቀመጠው። ፈታው፣ አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን ከነጎማ ቀለበቱ ገጠመና አጠበቀ። ከዚያ አየር ማስወጣት አለ፤ ናፍጣ መኪና መስመሯ ውስጥ አየር ከገባ አትነሳም። ከላይ ያለችውን ትንሿን ቡሎን ላላ ያደርግና በእጅ የምትገፋውን ፖምፓ ይጫናል፤ መጀመሪያ አረፋ ትተፋለች፣ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ሲመጣ ቡሎኗን መልሶ ያጠብቃታል። የዘርጋ አረፋ ግን አላለቀም። ፖምፓውን ተጫነ፣ አረፋ። ቁልፉን አዞረ፣ መኪናዋ አጉረመረመችና ዝም። ወረደ፣ ፈታ፣ አጠበቀ፣ ተጫነ፣ አረፋ። ፀሐይዋ ከደጃችን ግራር በላይ ወጣች። ከኬላው በኩል የጭነት መኪና ጥሩምባ ይሰማል። ዕቃችን ተጭኖ፣ እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ሕፃኑን አዝዬ ከበሩ እስከ መኪናዋ እመላለሳለሁ። የባትሪዋ ድምፅ በእያንዳንዱ ቁልፍ እየሰለለ ሄደ።

አባ ጅሎ በዚህ መሀል ገቡ። ዱላቸውን ተደግፈው ከኮፈኑ አጠገብ ቆሙና እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

«ናጋ?»

«ናጋ አባ» አለ ዘርጋ፣ ከሞተሩ ውስጥ።

«ኢጆሌ ናጋ? ልጅ ናጋ?»

«ናጋ።»

«መኪናስ ናጋ?»

ዘርጋ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ናፍጣና ላብ ተቀላቅሏል። «ሁሉም ናጋ ነው አባ። ልጁም ናጋ፣ ከብቱም ናጋ፣ ዝናቡም ናጋ። ዛሬስ ይተዉኝ» አለና ተመልሶ ገባ።

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ። ናጋ እንዲህ በአንድ ላይ ታስሮ ሲወረወርላቸው ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቀስ ብለው ዞረው ወደ በሩ ሄዱ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«አባ፣ አይቀየሙት። አጀቡ ሊወጣብን ነው። እናቱ ታመዋል። ይህን ልጅ ሳያዩ ሊሞቱ ነው።»

«ሃዳ ኢሳ?» አሉ። ከዚያ ደግሞ በአማርኛ፣ «እናት? የእሱ እናት?»

«አዎ አባ።»

ብርሃኑን ከጀርባዬ ላይ አዩት። «መኪኖች ኬላ ጋ ናቸው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ሌላ ሳይናገሩ እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ተቀይመው ነው ብዬ አፈርኩ። ተመልሼም ዘርጋን «ሽማግሌ አስከፍተህ መንገድ ልትሄድ ነው?» አልኩት። «አስኒ፣ እባክሽ አሁን አይደለም» አለ። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

ጥሩምባዎቹ በረከቱ። ዘርጋ እንደገና ቁልፉን አዞረ፤ ባትሪዋ ጭራሽ ዝም አለች። ያን ጊዜ ከዚያ በፊት አይቼ የማላውቀውን አየሁ፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ቀረ» አለ። «አዶቴ ደጅ ደጅ ስታይ ትቀራለች።» እናቱን እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። በእሱ ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ በረረ። ልጁን አወረድኩና «ፊልትሮውን አንዴ ክፈተው» አልኩት። «ምን ዋጋ አለው?» «ክፈተው፣ ዘርጋ።» ከፈተው። የሱ ጣቶች ወፍራም ናቸው፤ የእኔን ጣት ከብረቱ ራስ ሥር አስገብቼ ዙሪያውን ዳሰስኩት። ብረት ነው፣ ብረት ነው፣ ከዚያ ጥፍሬ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። «እዚህ ሌላ አለ» አልኩ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ቀለበት ነበር። ከዓመታት ጥብቀት የተነሳ ከላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ጠቁሮ ብረት መስሏል፤ ዘርጋ አዲሱን ቀለበት በሱ ላይ ደርቦ ነበር የሚያጠብቀው። በሁለቱ መካከል አየር ሲገባ ነው የዋለው። ዘርጋ በቢላዋ ልጦ አወጣውና ለአፍታ መዳፉ ላይ አየው። አልሳቀም፣ አልተራገመም። ገጠመ፣ ተጫነ። አረፋ፣ አረፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ።

ባትሪ ግን የለም። ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት የለበሱት ሰዎች መጡ፣ ከመስጊዱ ደጅ የተቀመጡት ተነሱ፣ የወተት ሻጯም ጣሳዋን አስቀምጣ መጣች። እኔም ልጄን መልሼ አዝዬ በአዲሱ ቀሚሴ ገፋሁ። ጥቁር ጭስ ተፋችብንና ተነሳች። ሰዓቱ አራትን አልፏል። «ሄደዋል እኮ» አለው አንዱ። «አቧራቸውን ልየው» አለ ዘርጋ።

ኬላው ጋ ስንደርስ አቧራ አልነበረም። መኪናዎቹ በሙሉ ቆመዋል። ሹፌሮቹ ወርደው በየመኪናቸው ፊት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል፣ ወታደሮቹም ቆመዋል፤ አባ ጅሎ ከሰልፉ መጨረሻ አጠገብ ናቸው። ውሃ ከሚንጠባጠብበት ቦኖ ሥር የነቀሉት እርጥብ ሣር በእጃቸው አለ። እያንዳንዱን ሹፌር ሰላም ብለዋል። ቤቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ያሳደገችውን ላም፣ ፍሬኑን ሳይቀር ናጋ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ ሲመልስላቸው መርቀው ከሣሩ ትንሽ ከመኪናው አፍንጫ ላይ ያደርጋሉ። በኋላ ሹፌሮቹ እንደነገሩን የአጀቡ አዛዥ ሻምበሉ ሰዓቱን እያየ «አባ፣ ረፈደ» ብሏቸው ነበር። «ምርቃት ተቆርጦ መንገድ ናጋ አይሆንም፣ ሻምበል» አሉት። አንድ ሽማግሌ ሹፌርም፣ «እኔ ሳልመረቅ ጎማዬን አላንቀሳቅስም፤ ያለፈው ጊዜ ያየሁትን አይቻለሁ» ሲል ሌሎቹም እኔም፣ እኔም አሉ። ሻምበሉ ምን ያድርግ? ለእሱም ተራው ደርሶ፣ «የአንተስ እናት ናጋ?» ሲሉት መሬት መሬቱን እያየ «ናጋ» አለ አሉ።

የእኛ ፒክ አፕ ከሰልፉ መጨረሻ ገብታ ቆመች። አባ ጅሎ መጡ። ዘርጋ በመስኮት አንገቱን አወጣ። የቀረውን ሣር ኮፈኗ ላይ አደረጉ። «ናጋ» አሉ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞረው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ፤ አለቀ፣ ሂዱ ማለታቸው ነው። ከሌላው ሁሉ ጋር ያስረዘሙትን ከእኛ ጋር በአንድ ቃል ጨረሱት።

ደጋው ቦሬ ስንደርስ ጭጋግ ያዘን። እዚያ ጭጋጉ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ያለው መኪና እንኳ በማይታይበት፣ «ሰደብኳቸው እኮ» አለኝ። «አልሰደብካቸውም፤ አቋረጥካቸው።» «ለሳቸው አንድ ነው» አለ።

በደመራው ዋዜማ ደረስን። እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበረ ብርሃኑን በእጃቸው ነው ያዩት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ያንን ከእግሩ የሚተልቅ ጫማ። ከዚያ የእኔን እጅ ያዙ። ጥፍሬ ውስጥ የቀረው ናፍጣ መንገዱን ሙሉ በሳሙናም በሎሚም አለቀቀኝም፤ ልስበው ብል አጥብቀው ያዙትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። በጉራጌኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ዘርጋ ተረጎመልኝ። «የልጄ ሽታ ነው፣ አለች።» እጄን ሳሙት። ከዚያ ወዲያ ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም። ጥቅምት ሳይጋመስ እዚያው እንዳለን፣ ብርሃኑ አጠገባቸው እንደተኛ አረፉ። ዘርጋ ቀብሩን አስፈጸመ፣ እንግዳ አስተናገደ፣ ተሯሯጠ። እንባ ግን አላየሁበትም።

ነገሌ ስንመለስ ቀትር ነበር። አባ ጅሎ ከበራችን ፊት ካለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ዘርጋ መኪናዋን አጠገባቸው አቆመና ቁልፉን አዞረ። ሞተሯ ጠፋ። በቀን፣ ከነጭነቷ፣ በዚያ ባትሪ። መንደሩ ምን ያህል ጸጥተኛ እንደነበረ ያኔ ነው የሰማሁት። ወርዶ ፊታቸው ቆመ።

«ናጋ?» አሉት።

«ናጋ አባ።»

«ቤት ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሃዳ ናጋ? እናት ናጋ?»

ዘርጋ የመኪናዋን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። «ናጋ» አለ።

አዩት። ገባቸው። ግን አላቋረጡም፤ ከብቱን ጠየቁት፣ ዝናቡን ጠየቁት፣ መንገዱን ጠየቁት፣ እሱም አንድ በአንድ መለሰላቸው። ሲያበቁ ከጎናቸው ያለውን ድንጋይ በዱላቸው አሳዩት። ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ለእናቱ ያለቀሰው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ብርሃኑ ፊልትሮውን እውነትም በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። መኪናው አዲስ ነው፣ አረፋም ብዙ አልተፋም። እጁን ጠራረገ፣ ገባ፣ አስነሳ። «እማዬ፣ ቻው፣ ሳይመሽብኝ ፊልቱ ልግባ» አለ በመስኮት። ጎማው መንከባለል ጀምሯል። ሄጄ በሩን ያዝኩ።

«ሞተሩን አጥፋው።»

«እማዬ፣ ረፍዷል።»

«አጥፋው አልኩህ።»

አጠፋው።

«ናጋ?» አልኩት። ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ።

«ናጋ።»

«ልጆቹ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሚስትህስ ናጋ?»

እጁ መሪው ላይ እንዳለ ፊት ለፊት አየ። «ናጋ» አለ፣ ቆይቶ።

የመኪናውን በር ከፈትኩለትና ወንበር ላመጣለት ወደ በረንዳው ሄድኩ።